ፓጄ አርፋችሁ ጀምበር ስትጠልቅ የት ሆናችሁ ታያላችሁ?

ጥያቄ፦ ሠርጋችን ጥር ላይ ነው። በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ለጫጉላ ዛንዚባር እንሄዳለን፤ አምስት ሌሊት እናድራለን። ሆቴላችን ፓጄ ነው፣ ተይዟል። አንድ ምሽት ቁጭ ብለን ጀምበር ስትጠልቅ ማየት እንፈልጋለን፤ ቦታው ላይ ግን መስማማት አቃተን። እጮኛዬ ኑንግዊ ካልሄድን ይላል። ጓደኛዬ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ የተሠራው ሬስቶራንት ነው ትላለች። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ስቶን ታውን የሚለው ይበዛል። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጣሉ? በስልክ ፎቶ ለማንሳትስ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያላችሁ!

መልሱን ላስቀድመው። እኔ ብሆን የመጨረሻዋን ሌሊት ከፓጄ ቀንሼ ስቶን ታውን፣ ማለትም በዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል፣ አድራለሁ። ጀምበሯንም እዚያው ሻንጋኒ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕር ፊት ለፊት ካለ ሰገነት ላይ አያለሁ። የሆቴሉ ነገር አልቆለታል፣ አይነካም ካላችሁ ኪዚምካዚ። መኪና ውስጥ ብዙ መቀመጥ ካስጠላችሁ ሚቻምቪ ካኤ። ኑንግዊን ግን ለአንድ ምሽት ብላችሁ ከፓጄ ተነስታችሁ አትሂዱ። እጮኛሽ እንዳይቀየመኝ ምክንያቱን ወደታች አስረዳለሁ።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሆቴላችሁ ነው። ፓጄ ያለው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ፀሐይ ከሕንድ ውቅያኖስ ብቅ ስትል ከአልጋችሁ ሳትወርዱ ልታዩዋት ትችላላችሁ። ማታ ግን የምትጠልቀው ከጀርባችሁ፣ በዘንባባዎቹና በመንደሩ በኩል ነው። ጃምቢያኒ፣ ብዌጁ፣ ኪዌንግዋ፣ ማቴምዌም ያው ናቸው። የሆቴል ማስታወቂያ ላይ ሰማዩ ብርቱካናማ ሆኖ ባሕሩ ሲያብረቀርቅ ብታዩ አትሸወዱ። የንጋትና የምሽት ፎቶ አይለይም። አብዛኛው ሰው ይህን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ፣ መጠጡን ይዞ አሸዋው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

የጓደኛሽም ምክር እዚሁ ላይ ይወድቃል። ድንጋይ ላይ የተሠራው ሬስቶራንት ዘ ሮክ ነው፤ ያለው ሚቻምቪ ፒንግዌ፣ እሱም ምሥራቅ ዳርቻ ላይ። ውሃው ሲሞላ በጀልባ ያሻግሯችኋል፣ ሲሸሽ በእግራችሁ ትሄዳላችሁ። ቦታው ያምራል፣ ፎቶም ይወጣለታል። ግን የቀን ቦታ ነው። ፀሐይዋ ከኋላችሁ በየብሱ በኩል ስለምትወርድ ለጀምበር ብላችሁ አትሂዱ፤ ለምሳ ሂዱ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያነሳው ነገር ልግባ። ምዕራብ ዳርቻ መሄድ ብቻውን አይበቃም። ፀሐይ በትክክል በምዕራብ የምትጠልቀው በዓመት ሁለቴ፣ መጋቢትና መስከረም ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ዛንዚባር ላይ ሰኔ ውስጥ ከምዕራብ ወደ ሰሜን 23 ዲግሪ ገደማ ትርቃለች፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁን ብትከፍቱ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው 20 ዲግሪ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከሁለት እንዲህ ያለ ስንዝር ይበልጣል። በዚያ መሀል አንድ ደሴት ወይም አንድ ሰፈር ሙሉ ሊገባ ይችላል።

እናንተ በምትሄዱበት ሳምንት ፀሐይዋ ከምዕራብ ወደ ደቡብ 17 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ነው የምትጠልቀው። በኮምፓስ 253 አካባቢ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ ኮምፓስ አለ። የትም ቦታ ስትደርሱ ክፈቱት፣ ወደ 253 ዙሩ፣ ፊት ለፊታችሁ ውሃ መሆኑን እዩ። ውሃ ከሆነ ተቀመጡ። ሕንፃ ወይም ዛፍ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። ሌላው ምክሬ ሁሉ ቢጠፋችሁ ይህን ያዙ።

ስቶን ታውን ውስጥ ሻንጋኒን የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቁማችሁ ፎሮዳኒ መናፈሻን ነው። ፎሮዳኒ የሚያየው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ፀሐይዋ ከፊቱ ውሃው ላይ ትወርዳለች። በጥርና በየካቲት ግን ወደ ግራ ሸሽታ ወደ ሻንጋኒ ሕንፃዎች ትጠጋለች። ሰማዩ ይቀላል፣ ጀልባዎቹም አሉ፣ የፀሐይዋን ኳስ ግን ሲሚንቶ ሊበላባችሁ ይችላል። ሻንጋኒ የከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። እዚያ ካሉት መካከል የታወቀው የአፍሪካ ሃውስ ሆቴል ሰገነት ነው፤ በእንግሊዞች ዘመን የእነሱ ክለብ የነበረ ሕንፃ ነው። ሰው ይሞላዋል። ዳር ላይ ያሉት ጠረጴዛዎች ቀድመው ይያዛሉ፤ ኋላ የመጣ የሰው ማጅራት ሲያይ ያመሻል። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተገኙ። እሱ ከሞላ በአቅራቢያው ባሕር የሚያዩ ሌሎች ሰገነቶች አሉ፤ ኮምፓሱን አውጡና ምረጡ።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ በዚያ ሳምንት ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። የሰዓት ክልላችን አንድ ነው፣ የእጅ ሰዓታችሁን አትንኩት። የሚገርመው፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው። ሾፌሩ በቋንቋው «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» ካላችሁ ያው የእኛው 12 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይሻገራል። እናንተ በሐበሻ፣ እሱ በፈረንጅ እያሰባችሁ 11 ሰዓት ብትባባሉ ስድስት ሰዓት ትተላለፋላችሁ። የቀጠሮውን ሰዓት በስልክ በጽሑፍ ላኩለት፣ «ከጀምበር በፊት» የሚልም ጨምሩበት።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆጨው አርፍዶ መድረስና ቶሎ መነሳት ነው። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ስለሆነ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ጠርዟ ባሕሩን ከነካችበት እስከምትጠፋበት ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ሒሳብ ለመክፈል አስተናጋጅ ስትጠሩ ልታመልጣችሁ ትችላለች። ደግሞ የምታዩዋት እንኳ እዚያ የለችም። አየሩ ብርሃኗን ወደ ላይ ስለሚያጎብጠው፣ ባሕሩን ነካች ስትሉ እሷ በእውነቱ ከአድማሱ በታች ወርዳለች። ይቺን ለእጮኛሽ በዚያች ሰዓት ሹክ በይው፤ ኑንግዊን ያስረሳዋል።

ከጠለቀች በኋላ ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል አትነሱ። አብዛኛው ሰው ኳሷ ስትጠፋ አጨብጭቦ ይሄዳል። ሰማዩ በደንብ የሚቀላው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ብርሃኑ ከአድማስ በታች ሆኖ ከፍ ያሉትን ደመናዎች ከሥራቸው ያበራቸዋል። ጠረጴዛችሁም በዚያን ሰዓት ሰፊ ይሆናል።

በዚያው ሰዓት ከየመስጊዱ አዛን ይሰማል። የዛንዚባር ሕዝብ ማለት ይቻላል በሙሉ ሙስሊም ነው። የባሕር ዳርቻ ልብስ ለባሕር ዳርቻ ነው፤ ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ። ከዚያ በእግራችሁ ወደ ፎሮዳኒ ውረዱ፤ ቅርብ ነው። ማታ ማታ የምግብ ገበያ ይሆናል። በእሳት የተጠበሰ ኦክቶፐስ አለ፣ ኡሮጆ የሚሉት ቅመም የበዛበት ሾርባ አለ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ገብቶበት የሚጨመቅ ሸንኮራ አለ። የዛንዚባር ፒዛ የሚሉት ከፒዛ ጋር ዝምድናው ስሙ ብቻ ነው፤ ቀጭን ሊጥ ውስጥ ሥጋና እንቁላል ጠቅልለው ብረት ምጣድ ላይ ይጠብሱታል። እኔ ወድጄዋለሁ። የባሕር ምግቡን ግን ከመቀበላችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፣ ከጎን ያለውንም ጠይቁ። ብርሃን ካለ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ከግንቡ ላይ እየተንደረደሩ ባሕር ውስጥ ሲዘሉ ታያላችሁ። አንዱ በአየር ላይ ሲገለበጥ ሌላው ውሃ እያንጠባጠበ ግንቡን ይወጣል። ጀምበሯን ያስንቃል ማለቴ አይደለም፤ ግን ይቀራረባሉ።

የመጨረሻዋን ሌሊት ስቶን ታውን አድርጉት ያልኩት ለዚህ ሁሉ ነው። ከፓጄ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከተማዋን ሳታዩ እንደማትመለሱ አውቃለሁ፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። አውሮፕላን ማረፊያውም ከከተማው ጥግ ነው። ስለዚህ ጀምበሯ ለብቻዋ መንገድ አታስወጣችሁም። እዚያው ስለምታድሩም በጨለማ ወደ ፓጄ መመለስ የለም። የዛንዚባር መንገድ ማታ መብራቱ ትንሽ ነው፣ ብስክሌትና ከብት ድንገት ይገባል። ራሳችሁ ለመንዳት አስባችሁ ከሆነ ደግሞ የደሴቲቱ ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ይጠይቃል። ለአንድ ምሽት አትድከሙ፣ ሾፌር ያዙ።

ሆቴል መቀየር ካልሆነላችሁ ኪዚምካዚን በጣም እመክራለሁ። ከፓጄ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከአርባ ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ሰው የሚያውቀው ጠዋት ጠዋት ዶልፊን ለማየት በሚሄዱት ጀልባዎች ነው። ማታ ጸጥ ያለ የዓሣ አጥማጅ መንደር ነው። ዲምባኒ የሚባለው ክፍል ትንሽ የባሕር ሰርጥ አለው፣ ዳርና ዳሩ የኮራል ድንጋይ ነው። በጥር መጨረሻ ፀሐይዋ የምትወርደው በክፍት ባሕር በኩል ስለሆነ አድማሱ ንጹሕ ነው። በሰኔ ቢሆን ወደ ደሴቶቹ በኩል ትጠጋለች፤ ያኔ ይህን ያህል አላሞግሰውም። እዚያው ዲምባኒ በ1107 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ የኩፊክ (የጥንት ዐረብኛ አጣጣል) ጽሑፍ ያለበት ጥንታዊ መስጊድ አለ፤ ቀደም ብላችሁ ከደረሳችሁ አስጎብኙን በሉ። የአመሻሽ ምርጫው ግን እንደ ከተማው አይደለም፤ የምትቀመጡበትን ቀድማችሁ በስልክ አረጋግጡ።

ሚቻምቪ ካኤ ሰነፍ ምሽት ለሚፈልግ ነው፤ በጫጉላ ላይ ስንፍና ነውር አይደለም። ከፓጄ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ የሚያይ፣ ብዙም የማይገኝ ቦታ ነው። ምክንያቱ የሚቻምቪ ምድር እንደ ጣት ወደ ሰሜን ወጥቶ ቿካ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ስለሚከልል ነው። ፒንግዌ ከጣቱ ምሥራቅ፣ ካኤ ከጣቱ ምዕራብ። ስለዚህ ጓደኛሽንም ማስደሰት ይቻላል፤ ዘ ሮክ ዘግየት ያለ ምሳ በሉና ጥቂት ኪሎ ሜትር ተሻግራችሁ ካኤ ላይ አምሹ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ካኤ ላይ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ባሕር ውስጥ አይደለም፤ ከወሽመጡ ማዶ ካለው ዝቅተኛ የማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ጫካ ጀርባ ነው። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ የዛፎቹ ጥቁር መስመር ለሰማዩ ጥሩ ድንበር ይሆነዋል። «ፀሐይ ባሕር ስትገባ» የሚል ሥዕል ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካለ ግን ቅር ይላችኋል።

ካኤ የሚወሰነው በውሃው ነው። ወሽመጡ ጥልቀት የለውም። ውሃው ሞልቶ ከሆነ ሰማዩ በሙሉ ከሥር ይደገማል። ሸሽቶ ከሆነ ጭቃና ሣር ይቀራል፤ ጀልባዎቹም በጎናቸው ይተኛሉ። ዛንዚባር ላይ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ በውሃው ሙላትና ሽሽት መካከል ያለው ልዩነት ወደ አራት ሜትር ይደርሳል፤ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ ያልሆነ ቀን ከሦስት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። ሆቴላችሁ የሙላቱን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ይሆናል፤ ካልሆነ የሚዋኙትንና ካይት ይዘው በነፋስ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱትን ጠይቁ፣ ፓጄ ውስጥ የውሃውን ሰዓት የማያውቅ የለም። ደግሞ ማንግሮቭ ካለ ቢንቢ አለ። ረጅም ሱሪና የሚቀባ መከላከያ ያዙ።

ወደ ኑንግዊ ልምጣ። እጮኛሽ ቦታውን በመምረጡ አልተሳሳተም። ኑንግዊና ጎረቤቱ ኬንድዋ በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ፣ በምዕራብ በኩል ናቸው። አሸዋው ሰፊ ነው፣ ውሃውም እንደ ምሥራቁ ርቆ አይሸሽም። እዚያ ብታርፉ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር፤ ከክፍላችሁ ወጥታችሁ ታዩ ነበር። ከፓጄ ግን መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ለሁለት ደቂቃ ጀምበር አራት ሰዓት መኪና ውስጥ፣ ግማሹም በጨለማ። ኬንድዋ ላይ ደግሞ ታኅሣሥና ጥር ፀሐይዋ በግራ ወዳለው ወደ ቱምባቱ ደሴት አቅጣጫ ስለምትጠጋ፣ ፎቶዎቹ ላይ ያያችሁትን ባዶ አድማስ ላታገኙ ትችላላችሁ። ሌላ ጊዜ ስትመለሱ ሁለት ሌሊት ኬንድዋ ያዙ።

በጀልባ ላይ ሆኖ ማየትስ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ዳው የሚሏት ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ከስቶን ታውንም ከኑንግዊም ለአመሻሽ ትወጣለች። በእናንተ ወቅት የሚነፍሰው ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው፤ የምዕራቡ በኩል ስለሚከለል ባሕሩ ረጋ ይላል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን አስቡት፣ ያን የሸራ ጥላ ከፀሐይዋ ፊት ሲያልፍ የሚያየው መሬት ላይ ያለው ሰው ነው። ጀልባው ላይ ያለው ጀልባውን አያይም። ከሄዳችሁ የሕይወት ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ከስንት ሰው ጋር እንደምትሳፈሩም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለሁለት ብላችሁ ያሰባችሁት ከበሮ የሚመታበት ጭፈራ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

አየሩ በአብዛኛው ከእናንተ ጋር ነው። ትልቁ ዝናብ የሚመጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ጥር መጨረሻ ደረቅና ሞቃት ነው። ጠርቶ የዋለ ሰማይ ግን ሁልጊዜ ጥሩ ምሽት አይሰጥም። ከፍ ብሎ የተበጣጠሰ ደመና ያለበት ቀን ይሻላል፤ ቀለሙን የሚይዘው እሱ ነው። መጥፎው አድማሱ ላይ የሚጋደም ወፍራም ደመና ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ እዩ፤ ከታች ያለው መስመር ከተዘጋ ኳሷን አትጠብቁ፣ ከላይ ያለው ግን ሊቀላ ይችላል። ለዚህም ነው ጀምበሯን ከሌላ ነገር ጋር አያይዙ የምለው። ብትቀርም ምሽቱ አይቀርም።

በቀሩት ምሽቶች ፓጄ ላይ ምንም አታጡም። ጀምበር ከጀርባችሁ ስትጠልቅ እናንተ ወደ ባሕሩ ዙሩ። ጥርት ያለ ቀን ከሆነ ከውሃው በላይ ሰማያዊ ግራጫ የሆነ ጥላ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሐምራዊ መቀነት አለ። ያ ጥላ የምድር ጥላ ነው፤ አየሩ ላይ አርፎ ይታያል። አሸዋው ላይ ከሚያልፈው ሰው ስንቱ እንደሚያየው እንጃ። ቀናችሁ ከሙሉ ጨረቃ ጋር ከገጠመ ደግሞ በዚያች ምሽት ከፓጄ የትም አትንቀሳቀሱ። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት አካባቢ ነው፤ የምትወጣውም በቀጥታ ከፊታችሁ፣ ከውቅያኖሱ ነው። ንጋትን ማየት ከፈለጋችሁ ፀሐይዋ የምትወጣው ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብላ ነው።

ለሾፌሩ ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ንገሩት፦ መሄጃውን፣ የሚጠብቅበትን ጊዜና መመለሻውን። ዋጋውም ሦስቱን አንድ ላይ ያካተተ ይሁን። ዳላ ዳላ የሚሉት የሕዝብ ታክሲ ቀን ላይ ርካሽና አዝናኝ ነው፤ ማታ ለመመለሻ ግን አትተማመኑበት።

ስለ ፎቶው አጭር ነው። የስልኩን ሌንስ በጥጥ ጨርቅ ጥረጉ፤ የባሕር ጨውና የፀሐይ ቅባት ሌንሱ ላይ ስለሚቀመጡ ፀሐይዋን ጭጋግ ያደርጓታል። ስክሪኑ ላይ ፀሐይዋን ሳይሆን ከጎኗ ያለውን ሰማይ ንኩ፣ ከዚያ ብርሃኑን በጣታችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ ቀለሙ ያኔ ይመጣል። ዙም አታድርጉ። ሁለታችሁም ፎቶው ውስጥ ለመግባት ከፈለጋችሁ ፀሐይዋን ከራሳችሁ ጀርባ ደብቋት፤ የአድማሱ መስመር ግን አንገታችሁን እንዳይቆርጥ ስልኩን የያዘው ሰው ትንሽ ዝቅ ይበል። ፊታችሁ እንዲታይ የምትፈልጉትን ግን ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ፊታችሁን ወደ ፀሐይዋ አዙራችሁ ተነሱት። ያኔ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ አስተናጋጁም ለማንሳት ጊዜ አለው።